«ፖፕ»፦ ሳያልቅ ለገበያ የቀረበው የዩቱ አልበም

(በሙዚቃ ወዳጆች የምሽት መሰናዶ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂው በጥቂቱ ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ!

የተከበራችሁ የሙዚቃ ወዳጆች፣ የሙያ አጋሮቼ፣ ጊታራችሁን አዝላችሁ ከየሰፈሩ የመጣችሁ ወጣቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ቀኑን በሥራ ውላችሁ፣ የታክሲ ሰልፉን ችላችሁ፣ ስለ አንድ የአየርላንድ ባንድ አልበም ለመስማት እዚህ መገኘታችሁ ለእኔ ትልቅ ክብር ነው። አዘጋጆቹንም ከልብ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ርእሴ ዩቱ የተባለው የደብሊን ሮክ ባንድ በማርች 1997 ያወጣው «ፖፕ» የተሰኘው አልበም ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለምጠራ ከወዲሁ ልብ በሉልኝ። «ይህ ባንድ ‹ዘ ጆሹዋ ትሪ›ን የመሰለ፣ ‹አክቱንግ ቤቢ›ን የመሰለ ሥራ እያለው፣ ስለምን ግማሹ ሰው የረሳውን፣ ግማሹ የነቀፈውን ታነሣለህ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እንከን የሌለበት አልበም እንዴት እንደተሠራ አያሳይም። በ«ፖፕ» ላይ ግን የትኛው ዘፈን እንዳለቀ፣ የትኛው ገና እንደነበረ፣ የትኛው ከመጀመሪያውም መግባት እንዳልነበረበት በጆሮ ይለያል። ሙዚቃ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት የለም። ደግሞም እወደዋለሁ። በጣም እወደዋለሁ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ አልበሙ እንዴት ተሠራ? ሁለተኛ፣ ውስጡ ያለው ምንድን ነው? ሦስተኛ፣ ከወጣ በኋላ ምን ሆነ? ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነውና።

ባንዱን ለማታውቁት ሁለት ቃል ልበል። በ1976 ደብሊን ውስጥ ማውንት ቴምፕል በሚባል ትምህርት ቤት ላሪ ሙለን የተባለ ድራም የሚመታ ተማሪ «ባንድ ማቋቋም እፈልጋለሁ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ከመጡለት ልጆች መካከል ፖል ሂውሰን፣ ዴቪድ ኢቫንስ እና አዳም ክሌይተን ነበሩ። ሂውሰን ዛሬ ቦኖ የምንለው ድምፃዊ ነው፤ ኢቫንስ ኤጅ የሚባለው ጊታሪስት ነው፤ ክሌይተን ቤዝ ጊታር ይጫወታል። «ፖፕ» ዘጠነኛው የስቱዲዮ አልበማቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ዝናውን አግኝተውታል፤ ገንዘቡንም እንዲሁ። ከእነሱ የሚጠበቅ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ ራሳቸውን እንዳይደግሙ።

እንግዲህ ወደ አንደኛው ነገር ልግባ። አልበሙ እንዴት ተሠራ?

ሥራው የተጀመረው በ1995 መገባደጃ ላይ ነው። ላሪ ሙለን በዚያን ጊዜ የጀርባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከሥራ ርቆ ነበር። የቀሩት ሦስቱ ፍላድ፣ ሃዊ ቢ እና ኔሊ ሁፐር ከሚባሉ ፕሮዲውሰሮች ጋር ስቱዲዮ ገቡ። ወቅቱ የጭፈራ ቤት ሙዚቃ፣ በተለይም ቴክኖ፣ አውሮፓን ያጥለቀለቀበት ነበር። እነሱም ከሌሎች ሰዎች ሸክላ ላይ የተቆረጡ አጫጭር ምቶችን እየደጋገሙ፣ በዚያ ላይ ዜማ መፈለግ ጀመሩ። ላሪ አገግሞ ሲመለስ ቦታውን ማሽን ይዞት ጠበቀው። ደስ አላለውም። ማንን ደስ ይለዋል? ከዚያ ደግሞ በተቆረጡት ምቶች ፋንታ ባንዱ ራሱ እንዲጫወት ተወሰነና ብዙው ነገር እንደገና ተሠራ። ይህ ሁሉ ጊዜ በላ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሙከራው ትክክል ነበር። ጊዜ መብላቱም ትክክል ነበር። አዲስ ቋንቋ የሚማር ሰው ጊዜ ያስፈልገዋል። ስሕተቱ ሌላ ቦታ ነው።

አልበሙ ገና እየተሠራ ሳለ የዓለም ዙሪያ የኮንሰርት ጉዞው ቀን ተቆረጠ። መጀመሪያው ኤፕሪል 25 ቀን 1997፣ ላስ ቬጋስ። ስታዲየሞች ተያዙ፣ መድረክ መሠራት ጀመረ፣ ውል ተፈረመ። አልበሙ ለ1996ቱ የገና ገበያ ታስቦ ነበር፤ አልደረሰምና ወደ ማርች ተገፋ። ከማርች ወዲያ ግን የሚገፋበት ቦታ አልነበረም፤ ላስ ቬጋስ ፊት ለፊት ቆማለች። «ላስት ናይት ኦን ኧርዝ» የተባለው ዘፈን አዝማች የተገኘው በሥራው የመጨረሻ ሌሊት ነው። የቦኖ ድምፅ ደክሟል። ይሰማል! ካላመናችሁ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ ስሙት። ሊጡ ሳይቦካ ምጣዱ ጋለ።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር እኛው አገር የሆነ ነገር ይታወሰኛል። በካሴት ዘመን አልበም የሚወጣው ለበዓል ነበር፤ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ። ታስታውሳላችሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ሙዚቃ ቤት ለፋሲካ ያሰበው የአንዲት ድምፃዊት አልበም ላይ ኪቦርድ ተጫውቻለሁ፤ የተወሰኑ ዘፈኖችንም አቀናብሬአለሁ። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ቀረጻው ገና አላለቀም። ፖስተሩ ግን የመንገድ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ድራም የሚመታው ልጅ ታሞ ስለነበር ኪቦርዱ ውስጥ ተዘጋጅቶ ከተቀመጠው ምት አንዱን ወስደን አስገባን። ድምፃዊቷ አንዱን ዘፈን «እባካችሁ አንድ ቶን ዝቅ ይበልልኝ፤ ጉሮሮዬን እየቆረጠኝ ነው» ብላ ለመነች። ቁልፉ ይለወጥ ከተባለ መሣሪያው ሁሉ እንደገና መቀረጽ ነበረበት። «ጊዜ የለም» ተባለች። ቅዳሜ ካሴቱ ገበያ ላይ ዋለ። ያንን ዘፈን ሰው ሳያዳምጠው አለፈ።

ከበዓሉ በኋላ ምሽት ክለብ ውስጥ ያንኑ ዘፈን በራሷ ቁልፍ ስትዘፍነው አጀብኳት። ድራም የሚመታው ልጅ ድኖ ተመልሷል። ምቱን ትንሽ ጎተት አደረገው፤ እሷም አዝማቹ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን የምታሳርፍበት ቦታ አገኘች። ሰው ከወንበሩ ተነሣ። አንድ ጎልማሳ ወደ መድረኩ ተጠግተው «እመቤቴ፣ ይህ አዲስ ዘፈንሽ መቼ ነው የሚወጣው?» ብለው ጠየቋት። ወጥቷል እኮ! በእያንዳንዱ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል። እሷ ግን ምንም አልመለሰችላቸውም። አንገቷን ደፍታ ማይክሮፎኑን አስተካከለች።

ወጣቶች፣ ፖስተር ከዘፈን በፊት ሲለጠፍ የሚሆነው ይህ ነው። ዩቱን በሚያህል ባንድ ላይ ሲሆን ደግሞ በዓለም ፊት ይሆናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር፤ ውስጡ ምን አለ?

«ፖፕ»ን መጀመሪያ የሰማሁት በተቀዳ ካሴት ነው። የውጭ ሙዚቃ በክፍያ የሚቀዱ ቤቶች እንደነበሩ የእኔ ዘመን ሰዎች አትረሱትም። ባዶው ካሴት 60 ደቂቃ የሚይዝ ነው፤ በየገጹ 30። አልበሙም 60 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ይገጥማል ትላላችሁ። ግን ስድስቱ የመጀመሪያ ዘፈኖች ከ30 ደቂቃ ትንሽ ይበልጣሉ። የቀዳልኝ ልጅ ዘፈን መቁረጥ የማይወድ ጠንቃቃ ስለነበር አምስቱን አንድ ገጽ ላይ አድርጎ ስድስተኛውን ወደ ሌላው አሻገረው። በዚህ ምክንያት የመጨረሻው ዘፈን «ዌክ አፕ ዴድ ማን» ገና ከመጀመሩ ካሴቱ ቀጥ ይል ነበር። ቦኖ ኢየሱስን ይጣራል፣ እንዲረዳው ይለምናል፣ ካሴቱም ያልቃል። ሲዲውን እስካገኝ ድረስ ለእኔ ይህ አልበም የሚያበቃው እንደዚያ ነበር።

አልበሙ ሲጀምር «ዲስኮቴክ» ነው። ስሙም ምቱም ጭፈራ ነው። ሽፋኑም በደማቅ ቀለም ያበደ ነው። ሰው ይህንን አይቶ «እነዚህ ሰዎች ፈንጠዝያ ላይ ናቸው» ብሎ ፈረደ። እኔ ግን እላችኋለሁ፦ በዚህ አልበም ውስጥ ከፈንጠዝያ ይልቅ ለቅሶ ይበዛል። ሦስት ዘፈኖች ልጥቀስ።

የመጀመሪያው «ሞፎ» ነው። የቦኖ እናት አይሪስ የሞቱት በ1974 ነው። አባታቸው በተቀበሩበት ዕለት ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ ከቀናት በኋላ አረፉ። ልጁ ያን ጊዜ 14 ዓመቱ ነበር። ድራመሩ ላሪም እናቱን ያጣው ገና በወጣትነቱ ነው። እንግዲህ ሁለት እናት የሌላቸው ልጆች ባንድ ሠርተው፣ ሃያ ዓመት ዞረው፣ ጎልማሳ ሆነው፣ ስለዚያ ሐዘን ሊዘፍኑ ሲነሡ በምን ዓይነት ሙዚቃ ይዘፍኑታል? በዝግታ፣ በፒያኖ፣ በቫዮሊን? ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናደርገው። እነሱ ግን በአልበሙ ውስጥ ካለው ሁሉ በፈጠነው፣ በሚያጓራው፣ ማሽን በበዛበት ሙዚቃ አደረጉት። ቤዙ ያንቀጠቅጣል፤ ጊታሩ ጊታር መሆኑ አይታወቅም፤ ድምፁ እየተሯሯጠ አንድ ነገር ይፈልጋል። ከዚያ መሐል ላይ ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ያፈገፍግና ሰውዬው ዝቅ ባለ ድምፅ እናቱን ያናግራታል። አሁንም ልጅሽ ነኝ ወይ ብሎ ይጠይቃታል። ተመልሶም ጩኸቱ ይውጠዋል። ይህንን በጆሮ ማዳመጫ የሰማ ሰው ማሽን ሐዘን አይገልጽም የሚለውን ነገር ደግሞ አይናገረውም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። «ዩቱን ያበላሸው ማሽኑ ነው፤ ጊታራቸውን ጥለው ጭፈራ ቤት ገቡ» የሚል ፍርድ አለ። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! አልስማማም። ከሁሉ ይልቅ ማሽን የበዛበት «ሞፎ» ከሁሉ ይልቅ ያለቀ ዘፈን ነው። «ስቴሪንግ አት ዘ ሰን» ግን በጊታር የተሠራ፣ የድሮውን ዩቱ የሚመስል ዘፈን ነው፤ ያላለቀው እሱ ነው። ዜማው ያምራል፣ ግጥሙ ያምራል፣ ቅንብሩ ግን ወዴት እንደሚሄድ አልወሰነም። ችግሩ ማሽኑ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆን አልነበረበትም? ከስድስት ዓመት በፊት የወጣው «አክቱንግ ቤቢ»ም፣ ከዚያ የተከተለው «ዙሮፓ»ም በማሽን የተሞሉ ናቸው፤ ማንም አላማረረባቸውም። ስለዚህ እባካችሁ መሣሪያውን አትክሰሱ። የተከለከለው ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ዘፈን «ፕሊዝ» ነው። በአልበሙ አሥራ አንደኛ ላይ ተቀምጧል። ስለ ሰሜን አየርላንድ ነው። የብሪታንያን አገዛዝ በትጥቅ ይዋጋ የነበረው የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር በ1994 የተኩስ አቁም አወጀ፤ ሰው ተስፋ አደረገ። በፌብሩዋሪ 1996 ለንደን ውስጥ ቦምብ ፈነዳና ተኩስ አቁሙ ፈረሰ። አልበሙ በመሠራት ላይ ነበር። «ፕሊዝ» ልመና ነው፤ ስብከት ለሚወዱ፣ ከመንበራቸው ለማይወርዱ ሰዎች የቀረበ ልመና። በነጠላ ዜማነት ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የአራት ፖለቲከኞች ፊት ነበር፤ ጄሪ አዳምስ፣ ዴቪድ ትሪምብል፣ ኢያን ፔይስሊ እና ጆን ሂዩም። ከአየርላንድ ጋር እንቀላቀል ከሚሉትም፣ ከብሪታንያ ጋር እንቆይ ከሚሉትም ወገን። አስቡት፤ ያን ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የማይፈልጉ ሰዎች አንድ የዘፈን ሽፋን ላይ ተቀመጡ።

ግን በአልበሙ ላይ ያለውን «ፕሊዝ» ስሙት። ድራሙ የወታደር ሰልፍ ምት ይመታል፣ ቤዙ ዝቅ ብሎ ይዞራል፣ ድምፁ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይወጣል… ጊታሩ መናገር ባለበት ቦታ ላይ ግን አይናገርም። ዘፈኑ ጣራው ጋ ሳይደርስ ይበተናል። ለምን? የሚናገረው ነገር ገና አልተገኘለትምና። በኋላ ተገኝቷል፤ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ያ ካሴቴ የቆረጠው «ዌክ አፕ ዴድ ማን» ነው። የዚህ ዘፈን ዘር ከበፊቶቹ አልበሞች ዘመን የተረፈ ነው። ኢየሱስን በቀጥታ ይጣራል፤ ዓለም ተበላሽታለች፣ አንተስ የት ነህ ይለዋል። አንዳንድ አማኝ ወዳጆቼ ድፍረት ነው ይሉኛል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ዳዊት ሲደገም እየሰማሁ ያደግሁ ነኝ። መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ፈጣሪን «ንቃ፣ ለምን ትተኛለህ» ብሎ የሚጣራ ጩኸት የለም ወይ? አለ። ጸሎት ነው። ቦኖም ይህንን ያውቅ ነበር፤ በ1999 ለታተመ አንድ የመዝሙረ ዳዊት እትም መቅድም የጻፈው እሱ ነው። «ፖፕ»ን በጭፈራ ጀምሮ በዚህ ዘፈን የሚጨርስ ሰው ፈንጠዝያ ላይ አይደለም።

ደካሞቹንም ልናገር፤ እወደዋለሁ ስላልኩ አልሸፍንም። «ማያሚ» ዘፈን አይደለም፤ ከጉዞ የተመለሰ ሰው ማስታወሻ ነው። «ዘ ፕሌይቦይ ማንሽን» የዚያን ሰሞን ጋዜጣ ላይ የነበሩ ስሞችንና የሸቀጥ ምልክቶችን ይደረድራል፤ ሰሞኑ ሲያልፍ ዘፈኑም አብሮ አለፈ። «ዱ ዩ ፊል ላቭድ» ቤዙ ግሩም ነው፤ አዝማቹ ግን በሩን አንኳኩቶ ሳይገባ ይመለሳል። ከእነዚህ ሁለቱ ቢቀሩ ኖሮ አልበሙ አሥር ዘፈን ይሆን ነበር፤ በእኔ ግምት ታሪኩም ሌላ ይሆን ነበር።

ሦስተኛው ነገር፤ ከወጣ በኋላ ምን ሆነ?

መጀመሪያ ላይ ገዢ ጎረፈ። ከ30 በሚበልጡ አገሮች የሽያጭ ሠንጠረዥ አናት ላይ ወጣ። ከዚያ ግን ቶሎ ቀዘቀዘ። አሜሪካ ውስጥ «አክቱንግ ቤቢ» የስምንት ሚሊዮን ቅጂ ማረጋገጫ ሲያገኝ፣ «ፖፕ» ያገኘው የአንድ ሚሊዮን ነው። «ፖፕማርት» የተባለው የኮንሰርት ጉዞ መድረክ 30 ሜትር የሚረዝም ቢጫ ቅስት፣ በዘመኑ ተወዳዳሪ ያልነበረው የቪዲዮ ሰሌዳ፣ እንዲሁም ባንዱ ከውስጡ የሚወጣበት 12 ሜትር የሚሆን ሎሚ ነበረው። ኦስሎ ላይ ሎሚው አልከፈት ብሏቸው በጀርባ ወጥተዋል። ስለ ሎሚው ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ስለ ዘፈኖቹ ልናገር።

ላስ ቬጋስ የመጀመሪያዋ ሌሊት በቂ ልምምድ አልተደረገም፤ የልምምዱን ጊዜ አልበሙ በልቶታል። «ስቴሪንግ አት ዘ ሰን» መሐል ላይ ተበላሸና አቁመው እንደገና ጀመሩት። ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ዘፈኑን ገፈው ገፈው ለሁለት ሰው አስቀሩት፤ ቦኖና ኤጅ፣ ጊታርና ድምፅ ብቻ። ዳነ! ዜማው መጀመሪያውንም ይህንን ነበር የሚጠይቀው። በ2002 የምርጥ ሥራዎቻቸው ስብስብ ሲወጣም ከ«ፖፕ» ሦስት ዘፈኖች ተመረጡ፤ «ዲስኮቴክ»፣ «ስቴሪንግ አት ዘ ሰን» እና «ጎን»። ሦስቱም በአዲስ መልክ ተስተካክለው ነው የገቡት። አንዱም እንደነበረ አልገባም። የባንዱ አባላት ራሳቸው አልበሙ ሳያልቅ እንደወጣ በየቃለ ምልልሱ ተናግረዋል።

አሁን ወደ «ፕሊዝ» እመለሳለሁ ብያችኋለሁ። ጉዞው ጁላይ 1997 አውሮፓ ሲደርስ መጀመሪያው ከተማ ሮተርዳም ነበር። በዚያ የተቀረጸው «ፕሊዝ» በሴፕቴምበር ለብቻው ታትሞ ወጣ። ስሙት። ያ በአልበሙ ላይ አንደበቱ የታሰረው ጊታር አሁን ይናገራል። ኤጅ በመጨረሻው ላይ አንድ ሐረግ ይዞ ይወጣል፤ ቦኖ ይጮኻል፤ ላሪ ያንን የሰልፍ ምት አይለቅም። በስቱዲዮ ከአንድ ዓመት በላይ ተፈልጎ ያልተገኘው ነገር መድረክ ላይ በሦስት ወር ተገኘ። በሜይ 1998 የሰሜን አየርላንድ ሕዝብ ለሰላም ስምምነቱ ድምፅ ከመስጠቱ ከቀናት በፊት፣ ከእነዚያ የሽፋኑ ላይ አራት ፊቶች ሁለቱን፣ ሂዩምን እና ትሪምብልን፣ ቦኖ ቤልፋስት ውስጥ መድረክ ላይ አውጥቶ እጃቸውን ከፍ አድርጎ ያዘ። ሰላሙን ዘፈን አመጣው አልልም። ሰላሙን ያመጡት ዓመታት የደከሙ ሰዎች ናቸው። ያ ልመና ግን ባዶ ልመና አልነበረም።

የቦስኒያን ዋና ከተማ ሳራዬቮንም ሳላነሣ አላልፍም። ከተማዋ ከ1992 እስከ 1996 በከበባ ውስጥ ነበረች። ዩቱ እንመጣለን ብለው ቃል ገብተው ነበር፤ በሴፕቴምበር 1997 ያንን ሁሉ ብረት ተሸክመው ሄዱ። 45 ሺህ ያህል ሰው ስታዲየሙ ገባ። ለዚያ ኮንሰርት ሲባል ከጦርነቱ ወዲህ ተቋርጦ የነበረ ባቡር ተንቀሳቀሰ። የቦኖ ድምፅ ግን በዚያች ሌሊት ከድቶት ነበር፤ ሕዝቡ ዘፈነለት። አልበሙ ወድቋል ሲባል የነበረው በዚያው ዓመት ነው።

እዚህ ላይ እኛን የሚነካ ነገር አለ። በዚያ ጉዞ «ፕሊዝ» ሲዘፈን ብቻውን አይቆምም ነበር። ድራሙ ሳይቋረጥ በቀጥታ ወደ ሌላ ዘፈን ይሻገራል፤ በ1987 ወደ ወጣው፣ መንገዶች ስም ስለሌላቸው አገር ወደሚናገረው ዘፈን። የዚያ ዘፈን ግጥም ከየት መጣ? ከአጅባር መጣ። ከወሎ። በ1985 ለድርቁ እርዳታ ከተዘጋጀው ከላይቭ ኤይድ ኮንሰርት በኋላ ቦኖና ባለቤቱ አሊ ማንም ሳያውቃቸው መጥተው አጅባር የነበረው የእርዳታ መጠለያ ውስጥ ሠርተዋል። አንድ አባት ልጁን ይዞ መጥቶ «ውሰድልኝ፤ ከአንተ ጋር ይኖራል፣ ከእኔ ጋር ግን ይሞታል» እንዳለው ቦኖ ደጋግሞ ተናግሯል። የግጥሙ የመጀመሪያ ሐሳብ የተጻፈው በዚያ ጉዞ ነው።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። አክስቴ በእኛ አቆጣጠር በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ በዚያው በተንታ በኩል ነበሩ። ስለ መጠለያው ሲያወሩ የሚያነሡት ረሃቡን አልነበረም፤ ብርዱንና ጭጋጉን ነበር። «ጭጋጉ ሲገፈፍ ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረ ሰው ሜዳውን ሞልቶት ታየዋለህ» ይሉኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ቦኖ ስለ አጅባር ጠዋት የተናገረውን ሳነብ ያንኑ ጭጋግ፣ ያንኑ ሌሊቱን የተጓዘ ሰው አገኘሁት። አክስቴ ስለ ዩቱ ሰምተው አያውቁም። ሁለቱም ግን ያንን ሜዳ አይተውታል። ስለዚህ ያ ጉዞ የሎሚና የቢጫ ቅስት ጉዞ ብቻ ነው ሲባል አልቀበልም። ከሰሜን አየርላንድ ሐዘን ተነሥቶ ወደ ወሎ ሜዳ የሚሻገር አንድ የድራም ምት በየሌሊቱ ነበረ።

ከዚያ በኋላ ባንዱ ምን አደረገ? በ2000 ወደ ጊታራቸው፣ ወደ ቀላልና ግልጽ ዘፈን ተመለሱ። «ኦል ዛት ዩ ካንት ሊቭ ቢሃይንድ» የተባለው አልበም ሰባት የግራሚ ሽልማት አስገኘላቸው። ጥሩ አልበም ነው፤ አልነቅፈውም። ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ከ«ፖፕ» የተማሩት «ሙከራ ያከስራል» የሚለውን ይመስለኛል። ትክክለኛው ትምህርት «ቀን አትቁረጥ» የሚል ነበር። «ሞፎ»ን የሠራ ባንድ ያንን መንገድ እስከ መጨረሻው ቢሄድበት የት ይደርስ ነበር? ይህ ጥያቄ እስካሁን ያብከነክነኛል።

እናንተም ወጣቶች፣ የምትወዱት ድምፃዊ አንድ ያላማረ አልበም ሲያወጣ ቶሎ አትጣሉት። ዘፈን በዘፈን ስሙት። የትኛው ነው ያላለቀው? የትኛው ነው የተቻኮለው? መድረክ ላይስ ተከትላችሁ ሄዳችሁ ሰምታችኋል?

ብዙ አወራሁ፤ የድምፅ ባለሙያችንም እያየኝ ነው። ሁለቱን «ፕሊዝ» በተከታታይ እናሰማችኋለን፤ መጀመሪያ የአልበሙን፣ ቀጥሎ የሮተርዳሙን። አራተኛው ደቂቃ ላይ ጊታሩን ተከታተሉ። የሮተርዳሙ ሲያበቃ እንዳያቆመው ነግሬዋለሁ፤ ድራሙ ወደ ቀጣዩ ዘፈን ይሻገር። ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ፣ በተለይ ስለ «ማያሚ» የምትከራከሩኝ፣ ከሙዚቃው በኋላ እጃችሁን አውጡ፤ ማይክሮፎኑ ወደ እናንተ ይመጣል።